«መጨረሻውን ልየው ብዬ ነው እንጂ»

ሌሊት ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ጫካ መሀል በግማሽ ክብ ተንበርክከዋል፤ የመኪና መብራት ፊታቸው ላይ ተደግኗል። ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው እሾሃማ ሽቦ የተጠመጠመበት የቤዝቦል ዱላ ይዞ ፊት ለፊታቸው ይመላለሳል። ኒጋን ይባላል። ከመካከላቸው አንዱን እንደሚገድል ነግሯቸዋል፤ ማንን እንደሚገድል ግን ገና አልወሰነም። ልጆች በጨዋታ ላይ ዕጣ በሚያወጡበት ግጥም እየቆጠረ፣ ዱላውን ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው ያሻግራል። ቆጠራው አለቀ፣ ዱላው ተነሣ። ካሜራው የተመታውን ሰው አያሳይም፤ እሱ ራሱ የሟቹ ዓይን ሆኖ ከታች ወደ ላይ ያያል። ደም ወረደ፣ ጩኸት ተሰማ፣ ስክሪኑ ጨለመ። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ስድስተኛ ምዕራፉን እዚህ ላይ ቋጨ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2016 ነበር።

ተመልካቹ በገነ። ሲታለል የመጀመሪያው አልነበረማ! በዚያው ምዕራፍ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ግሌን የተባለው ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ከቆሻሻ ገንዳ ላይ ወድቆ በሚራመዱት ሙታን መንጋ ሲዋጥ ታይቷል። የተዋናዩ የስቲቨን የን ስም እንኳ ከመክፈቻው ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን ግሌን ገንዳው ሥር ተሽሎክሉኮ መትረፉ ታየ። ለግሌን ያለቀሰ ሁሉ እንባው መጫወቻ እንደሆነበት ተሰማው። አሁን ደግሞ የሟቹን ማንነት ለማወቅ ከስድስት ወር በላይ ጠብቁ ተባለ። «ከእንግዲህ አላይም» ያለው ሰው ብዙ ነው።

ኦክቶበር 23 ሰባተኛው ምዕራፍ ተጀመረ። በአሜሪካ 17 ሚሊዮን ያህል ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ በድራማው ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ ተመልካች ያገኘው የአምስተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ኒጋን መጀመሪያ ከተንበረከኩት አንዱን፣ አብርሃምን፣ ቀጥሎም ያንኑ ግሌንን በሚስቱ ፊት ቀጥቅጦ ገደለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ድራማው የተቀዳው ከሮበርት ከርክማን ኮሚክ ነው፤ በኮሚኩ 100ኛ ቁጥር ላይ፣ በ2012፣ ኒጋን ግሌንን በዚሁ ዱላ ገድሎታል። ማን እንደሚሞት አስቀድሞ መገመት የፈለገ ሰው አራት ዓመት ሙሉ ዕድሉ ነበረው። ስለዚህ ያንን ሁሉ ሕዝብ ከቂሙ ጋር መልሶ ያስቀመጠው፣ የማያውቀውን የማወቅ ጉጉት ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ነገሩ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ተከታታይ ድራማ የሚከፈትበት ሳሎን የተቀመጠ ሰው ይህን ወግ ያውቀዋል። «ተበላሸ እኮ!» ይባላል። «ዝም ብለው እየጎተቱት ነው።» «ደራሲው ራሱ ሳይሰለቸው አልቀረም።» ሪሞቱን ግን የሚያነሣ የለም። «ታዲያ ለምን ታያለሽ?» የሚል ከተገኘ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «መጨረሻውን ልየው ብዬ ነው እንጂ!»

እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን፣ በተለይም የቱርኮቹን፣ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ፣ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ለሙያቸውም ለባህሉም ሰግተው በአደባባይ ተቃውመውት ነበር። ድራማዎቹ ግን ሳሎኑን ያዙት። «እየጎተቱት ነው» የሚለው የተመልካች ስሞታም ከአመል የመጣ አይደለም፤ ተጨባጭ ምክንያት አለው። በቱርክ ጣቢያዎች አንድ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ለረጅም የሳምንት ምሽት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በዝምታ መተያየቱም በሙዚቃ የታጀበ ትካዜውም የተለጠጠ ነው። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ይኸው አንድ ክፍል ለሁለት ለሦስት ይቆራረጣል። በኢስታንቡል በአንድ ምሽት የታየ ጠብ ሌላ አገር ቀናት ይወስዳል፤ ደራሲው ማቆሚያ አድርጎ ያላሰበው ቦታ ላይም ይቆማል። ተመልካቹ የተሰማው መጎተት በእርግጥ አለ ማለት ነው። ቢሆንም ያያል።

«ታዲያ ለምን ያያል?» ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የደከሙበትን ነገር መተው ስለሚከብድ ነው» የሚል ነው። አምስት ዓመት የተከታተሉትን ድራማ ስድስተኛው ላይ መጣል አምስቱን ዓመት እንደ መጣል ይቆጠራል። ሐሳቡን ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ባሳተሙት ጥናት ፈትነውታል፤ ደግነቱ የፈተኑትም ትርኢት በማየት ነው። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ቤት የዓመቱን ቲኬት ሊገዙ የመጡትን የመጀመሪያ 60 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ሙሉውን 15 ዶላር ከፈለ፤ ለሌላው ሁለት ዶላር፣ ለሦስተኛው ሰባት ዶላር ተቀነሰለት። ቴአትሮቹ ለሁሉም አንድ ናቸው። ከዚያ በየትርኢቱ በር ላይ የተሰበሰቡት ቲኬቶች ተቆጠሩ። በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ቴአትር አይተው ተገኙ። የከፈሉት ገንዘብ ከቤት ይጎትታቸው ነበር ማለት ነው።

ጥናቱ በየቦታው የሚጠቀሰው እስከዚህ ድረስ ነው። ሁለተኛው ግኝት ግን ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል፦ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ በቡድኖቹ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የገንዘቡ ጉልበት ከስድስት ወር በላይ አልዘለቀም። «ዘ ዎኪንግ ዴድ» ደግሞ ከ2010 እስከ 2022 ድረስ 177 ክፍሎች ተላልፏል። የስድስት ወር ጉልበት ያለው ምክንያት አሥራ ሁለት ዓመት የተዘረጋን ነገር ሊሸከም አይችልም። በዚያ ላይ ተመልካቹ የሚቆጨው ለገንዘቡ አይደለም፤ ለሌላ ነገር ነው።

የተጀመረ ነገር የራሱ ስበት እንዳለው እርግጥ ነው። በርሊን ውስጥ በኩርት ሌቪን ሥር ትሠራ የነበረችው ማሪያ ኦቭሲያንኪና በ1928 ባሳተመችው ጥናት፣ የጀመሩትን ሥራ መሀል ላይ እንዲያቋርጡ የተደረጉ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው፣ ሽልማትም ሳይኖር፣ ዕድሉን ሲያገኙ ወደ ሥራው እንደሚመለሱ አሳይታለች። ልብ አንጠልጣይ መጨረሻ የሚጽፉ ደራሲዎች ይህን ጥናት ያንብቡትም አያንብቡት በየሳምንቱ ይጠቀሙበታል። «መጨረሻውን ልየው» የሚለው ሰውም እየዋሸ አይደለም። ሆኖም ይህ መመለሱን እንጂ ምሬቱን አያስረዳም። ያልተጨረሰ ስፌት ላይ ተመልሶ የሚቀመጥ ሰው ስፌቱን አይሰድበውም።

ምሬቱን ለመረዳት ወደ ሆላንድ፣ ወደ አንድ የሴቶች መጽሔት መሄድ ይሻላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ዳላስ» የተባለው የቴክሳስ የነዳጅ ከበርቴዎች ድራማ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ፣ ኢየን አንግ የተባለች ተመራማሪ «ቪቫ» በተሰኘው መጽሔት ላይ አጭር ማስታወቂያ አወጣች። ድራማውን ማየት እንደምትወድ፣ ነገር ግን ሰዎች በዚህ እንደሚገረሙባት ገልጻ፣ የሚወዱትም የሚጠሉትም ምክንያታቸውን እንዲጽፉላት ጠየቀች። 42 ደብዳቤዎች ደረሷት። መጽሐፏ የተሠራው ከእነዚህ ነው፤ ዛሬም ድረስ በመስኩ ከሚነበቡት ዋነኛ ሥራዎች አንዱ ነው።

ከጸሐፊዎቹ መካከል ድራማውን ርባና ቢስ፣ የአሜሪካ የገበያ ዕቃ እያሉ የኮነኑት ነበሩ። ኩነኔያቸውን የጻፉት በሙሉ ልብ ነው፤ የተማረ ሰው ስለ እንዲህ ዓይነት ድራማ እንዴት እንደሚናገር የታወቀ ስለነበር ቃል አልቸገራቸውም። የተቸገሩትስ የሚወዱት ነበሩ፤ ውዴታቸውን ከመናገራቸው በፊት ይቅርታ መጠየቅ ያለባቸው ይመስላቸዋል። የአንግ ትልቁ ትዝብት እዚህ ላይ ነው። «እጠላዋለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ ስለ ድራማው ከሚናገረው ይልቅ ተናጋሪው በሰው ፊት እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ይናገራል። እያሾፉ የሚያዩም ነበሩ፤ ፌዙ ራሱ ሳያፍሩ ለመቀመጥ ፈቃድ ይሰጣቸዋል።

እነዚህን ፌዘኞች ከሌሎቹ መለየት ያስፈልጋል። በ2012 የ«ኒው ዮርከር» ሐያሲዋ ኤሚሊ ኑስባውም፣ ስለ ብሮድዌይ የሙዚቃ ቴአትር ሠሪዎች የሚያወሳውን «ስማሽ» የተባለ ድራማ እየጠላች እንደምታየው በግልጽ ጻፈች፤ እየጠሉ የማየት ጉዳይም መነጋገሪያ ሆነ። «ስማሽ» ግን ሁለት ምዕራፍ እንኳን በቅጡ ሳይደላው በ2013 ተሰረዘ። ፌዝ ለአንድ ሰሞን ያዝናናል፤ አሥር ዓመት የሚያስቀምጥ ጉልበት ግን የለውም። አሥር ዓመት ተቀምጦ የሚማረረው ሰው ሌላ ነው። እሱ ከመጥላቱ በፊት ወድዷል።

ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን ገና በ1956፣ ቴሌቪዥን ወደየቤቱ መግባት በጀመረበት ዘመን፣ ተመልካች በስክሪን ከሚያያቸው ሰዎች ጋር የወዳጅነት ዓይነት ትስስር እንደሚፈጥር ጽፈው ነበር። ትስስሩ የአንድ ወገን ቢሆንም ስሜቱ እውነተኛ ነው። ይህ ወዳጅነት ዓመታት ሲቆጥር ወደ ንብረት ይጠጋል፤ ባለቤትነት ይሰማል። ምሬቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። «እንዲህ አይደለም እሷ!» እያለ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚጮህ ተመልካች፣ ገጸ ባሕርይዋን ከአሁኖቹ ደራሲዎች ይልቅ እሱ እንደሚያውቃት ያምናል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የተናገረችውን ያስታውሳል፤ እነሱ ረስተውታል። እየተማረረ የሚያየው ያንን የድሮውን ጊዜ እንዳያበላሹበት እየጠበቀ ነው። ጥበቃውን ትቶ ቢሄድ ድራማው ሙሉ በሙሉ የእነሱ ይሆናል።

በ2019 ጸደይ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው የኤችቢኦ ጣቢያ ድራማ ላይ የሆነውን በዚህ ዓይን ማየት ይገባል። ቺካጎ ውስጥ በርሊንግተን የሚባል መጠጥ ቤት፣ ደንበኞቹ ተሰብስበው ድራማውን ሲያዩ እየቀረጸ ፊታቸውን ለዓለም ያሳይ ነበር። በስምንተኛው ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል፣ አርያ የተባለችው ገጸ ባሕርይ የሌሊቱን ንጉሥ በጩቤ ስትወጋው፣ ቤቱ እንደ ስታዲየም ተናወጠ፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈ። ያ ክፍል 55 ሌሊት የተቀረጸ ነበር። በዚያው ሰሞን ሌላው ተመልካች ክፍሉ ከመጨለሙ የተነሣ ምንም አልታየኝም እያለ ይማረር ነበር። በቀጣዩ ክፍል የድግስ ገበታ ላይ የዘመናችን የቡና ኩባያ ተረስቶ ታየ፤ ለተቆጣው ሰው ግድየለሽነታቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ሆነለት። ከዚያ ባሪያ ነጻ አውጪዋ ዴነሪስ እጅ የሰጠውን ከተማ ከዘንዶዋ ጀርባ ሆና አቃጠለች።

ለዴነሪስ የተሰማው ቅሬታ ስለ ሴራ አወቃቀር ብቻ ሊሆን አይችልም። በድራማው ባላት የማዕረግ ስም፣ ኻሊሲ ተብለው በአሜሪካ በ2018 ብቻ ስም የወጣላቸው ሴቶች ሕፃናት ከ500 በላይ ናቸው። ባሪያ ነጻ አውጪዋን አይተው ለልጃቸው ስሟን የሰጡ ወላጆች፣ በዓመቱ ያቺው ሴት ሕፃናትን ከነእናቶቻቸው ስታነድ ተመለከቱ። እንዲህ ዓይነት ሰው «ድራማ ነው፣ ተወው» ቢባል አይገባውም፤ ባይገባውም ትክክል ነው።

ምዕራፉ ብቃት ባላቸው ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራ የሚል አቤቱታ በኢንተርኔት ተከፍቶ ፈራሚው ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ያን ያህል ፊርማ የተሰበሰበው የመጨረሻው ክፍል ሳይተላለፍ ነው። ሜይ 19 መጨረሻው ሲመጣ በአሜሪካ በዚያ ምሽት 19.3 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ለኤችቢኦ እስከዚያ ያልታየ ቁጥር ነበር። ከፈራሚዎቹ ምን ያህሉ ከተመልካቾቹ መካከል እንደነበሩ የቆጠረ የለም። እንደገና ይሠራ ብሎ የሚፈርም ሰው ግን ትቶ የሄደ ሰው አይደለም። ትቶ የሄደ ሰው ለምን ይፈርማል?

ጣቢያዎች ይህን ስሜት የሚለኩበት መሣሪያ የላቸውም። በአሜሪካ የኒልሰን ድርጅት ከ1987 ጀምሮ በተመረጡ ቤቶች ባኖረው መቁጠሪያ፣ የቤተሰቡ አባል ቴሌቪዥን ሲያይ የራሱን ቁልፍ ይጫናል። ቁልፉ ማን እንዳለ ይናገራል፤ ያለው ሰው እያለቀሰ ይሁን እየተሳደበ አይናገርም። ኔትፍሊክስም ቢሆን ለሕዝብ የሚያወጣው ስሌት የታየውን ሰዓት ለድራማው ርዝመት ማካፈል ነው። ቁጡውም ወዳጁም አንድ አንድ ሰው ሆነው ይደመራሉ፤ ማስታወቂያውም ለሁለቱም እኩል ይሸጣል። ከዚህ ተነሥቶ «ይሳደቡ እንጂ ይዩልን» የሚል ስሌት ይመጣል። የ«ዘ ዎኪንግ ዴድ» ጣቢያ ኤኤምሲ የተመልካቹን ወሬ ሳይቀር ወደ ፕሮግራም ለውጦታል፦ ከ2011 ጀምሮ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» እንዳለቀ ስለዚያው ክፍል ብቻ የሚወራበት «ቶኪንግ ዴድ» የሚባል ዝግጅት ያስተላልፍ ነበር። ግሌን በሞተበት ምሽት ይህ ዝግጅት ተዋናዮቹን ሰብስቦ በቀጥታ የተላለፈው ሎስ አንጀለስ ከሚገኝ መካነ መቃብር ነው። ተመልካቹ አንድ ላይ ማልቀስ እንደሚያስፈልገው ገብቷቸዋል፤ እዚህ ላይ አልተሳሳቱም።

የተሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ተመልካቹ ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። በአንድ ሳምንት ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው አልተመለሰም። የስምንተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ስምንት ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። በዚያው ምዕራፍ ካርል የተባለው ልጅ፣ በኮሚኩ እስከ ፍጻሜው በሕይወት የቆየው፣ እንዲሞት ተደርጎ ነበር፤ አባቱ ሪክም በዘጠነኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ አጋማሽ ከድራማው ወጣ። ኖቬምበር 20 ቀን 2022 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ ጣቢያው ላይ ያየው ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት የኬብል ተመልካች በጠቅላላው መቀነሱና ብዙ ሰው ወደ ኢንተርኔት መዞሩ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለዚያ የአንድ ሳምንት መውደቅ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

የሄዱት ሚሊዮኖች ድምፅ አላሰሙም፤ አቤቱታ አልፈረሙም፤ በቅዳሜ ገበታ ላይ ስለ ድራማው መከራከራቸውንም አቆሙ። ሲጮኹ የነበሩት እዚያው የተቀመጡት ናቸው። አንድ ጣቢያ መፍራት ያለበት «ተበላሸ እኮ» የሚለውን ተመልካች ሳይሆን «እሱ ድራማ አለ እንዴ እስካሁን?» ብሎ የሚጠይቀውን ነው። የመጀመሪያው ገና ሊመለስ የሚችል ነገር እንዳለ ያስባል፤ ስሕተቱን በዝርዝር የሚነግራቸውም ለዚህ ነው። ብዙ ደራሲዎች ይህን ሰው እንደ ጠላት ያዩታል። ከእሱ በላይ ሥራቸውን በትኩረት የሚከታተል ሰው ግን የላቸውም።

ሊመለስ ይችላል የሚለው ተስፋም መሠረት አለው፤ የቴሌቪዥን ድራማ እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ ታትሞ አያልቅም። «ዳላስ» በመኪና ገጭቶ የገደለውን ቦቢን በ1986 ሻወር ቤት ውስጥ በሕይወት አሳየና፣ በመካከል የተላለፉትን 31 ክፍሎች የቀድሞ ሚስቱ ሕልም ነበሩ ብሎ ሰረዘ። ተመልካች ተቆጣ፤ ድራማው እስከ 1991 ቀጠለ። «ዴክስተር» ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይረዝማል። በሴፕቴምበር 2013 ያ ነፍሰ ገዳይ የፖሊስ ባለሙያ የእህቱን አስከሬን ባሕር ውስጥ ጥሎ፣ ልጁን ትቶ፣ በሩቅ ጫካ እንጨት ቆራጭ ሆኖ ሲያበቃ፣ በዘመኑ ከተጠሉት ፍጻሜዎች አንዱ ሆነ። 2.8 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ለድራማው ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ቁጣው ስምንት ዓመት ሳይበርድ ቆየና በ2021 የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች የመራው ክላይድ ፊሊፕስ ተመልሶ «ኒው ብለድ» የሚል አዲስ ምዕራፍ ሠራ። በጃንዋሪ 2022 ልጁ ዴክስተርን በጥይት መትቶ ገደለው። ተመልካች እንደገና ተቆጣ። በጁላይ 2025 «ሪዘረክሽን» በሚል ርዕስ ሌላ ድራማ ተጀመረ፤ ማይክል ሲ ሆል የሚጫወተው ዴክስተር ሆስፒታል አልጋ ላይ ዓይኑን ገለጠ። ጥይቱ አልገደለውም ነበር። ልጁን ፍለጋ ኒው ዮርክ ገባ፤ ሁለተኛ ምዕራፍ እንደሚኖረውም ተገልጿል።